የሸፈነችው እግር

አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አፍንጫውን በነጠላው ሲሸፍን ካሳ እግሩን ይበልጥ ወደ ጋቢው ስር ሰበሰበ። ቁስሉን በፌስታል ጠቅልሎ አስሮታል፤ ግን ፌስታል ሽታውን መች ይገታዋል! እህቱ አልታዬ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል።

«ነገ ደሴ ልትሄድ ነው አሉ? በሣልስቷ?» አሉት ጎረቤቱ አያ ይሄነው በሹክሹክታ።

«ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ነው አያ። ከጭኔ ቆዳ አንስተው ቁስሉን ይሸፍኑልኛል።»

«ወይ ጉድ! ገላ እንደ ሱሪ ይጣፋል? አስተኝተው ነው የሚቆርጡህ። ስትነቃ እግርህ የለም።»

ካሳም የሚፈራው ይህንኑ ነው። ባለፈው መስከረም አልታዬ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ወስዳው፣ ከሆስፒታሉ በር ሸሽቶ ተመልሷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁስሉን በጨው ውሃ ስታጥብ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችበትም። የዚያን ዕለት ግን ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀሰች።

«ገብተህ ብትወጣ እኮ እንዴት እንደሆነ ትነግረኝ ነበር» አለችው። እሱ ሞኙ፣ ምን አስለቀሰሽ ብሎ እንኳ አልጠየቃትም።

ከመጋረጃው ጀርባ አስከሬኗን ያጠቡት ሴቶች ያወራሉ።

«ካልሲዋን ሳወልቅ ክው አልኩ» አለች ሰርካለም። «ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አጥንቷ ይታያል! የካሳን ቁስል በምታስርበት ሻሽ አስራዋለች። እኛ ብርድ መታት እንላለን፤ ቁስሉ ነው የጨረሳት።»

ያን ቀን ያስለቀሳት ነገር ለካሳ አሁን ገባው። ለካ እሷም ፈርታ ኖሯል! እሱ ድኖ እስኪነግራት ስትጠብቅ፣ እሱ ከበር ሸሸ።

ዓይኑ ንፍሮ ወደምታዞረው ወደ እንቁ ሄደ፤ የአልታዬ ልጅ ናት። እሷም እንደ እናቷ ወፍራም ካልሲ አድርጋለች።

«እንቁ፣ ነይ እስኪ። ካልሲሽን አውልቂ።»

«ምነው አጎቴ? ሰው ፊት?»

«አውልቂ አልኩሽ!»

ልጅቷ እየፈራች አንዱን አወለቀች፣ ሌላውንም አወለቀች። ካሳ ቁርጭምጭሚቷን ዳበሰ፤ ጣቶቿን እየፈለቀቀ አየ። ምንም የለባትም።

«ተመስገን» አለና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ ጋቢውን ገለጠ። ፌስታሉን ፈትቶ እግሩን በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ዘረጋ።

«ውሃ አሙቂልኝ እንቁዬ። ጨው ጣል አድርጊበት። ነገ መንገደኛ ነኝ።»

አጠገቡ ያለው ሰው እንደገና አፍንጫውን ሸፈነ፤ ካሳ ግን እግሩን መልሶ አልሸፈነውም።