ታላቃችን ሳይቀበሉ

እኔ በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ታይላንድ፣ ማሃቻይ ከተማ ውስጥ፣ በሽሪምፕ ፋብሪካ፣ እጁን በረዶ ውስጥ ነክሮ የሚውል ሰው ምን ያስደንቀዋል? የዚያን ቀን ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የነገሩ መነሻ የዶው ኦን ቺ ዓይን ነው። ዶው ኦን ቺ ከበርማ ከመጣነው ሁሉ በዕድሜ ታላቃችን ናቸው፤ አክስቴ ነው የምንላቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ሽሪምፑን የሚልጡት በዳሰሳ ነበር። ሆስፒታሉ፣ «የሠራተኛ መድን ካለዎት በነፃ እናወጣልዎታለን፤ የማን ሠራተኛ እንደሆኑ የሚያሳይ ወረቀት ያምጡ» አላቸው። የፋብሪካው ቢሮ ደግሞ፣ «እሷን አናውቃትም፤ ያመጣት ደላላ ነው፣ እሱን ጠይቁ» አለን። ደላላው ከሞተ ቆይቷል። የት ሄደን እንጠይቀው?

እኔ ነገር አልወድም፤ ከገባሁበት ግን አልለቅም። ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። ተቆጣጣሪ መጣ፤ ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ የአሠሪው ስም ያለበት የደመወዝ ወረቀት እንዲሰጠው አዘዘ። ፋብሪካው እያጉረመረመ እሺ አለ።

የደመወዝ ዕለት አለቃ ቡንማ ወረቀቱን ታቅፎ መላጫው አዳራሽ ገባ። ታይላንዳዊ ነው፤ ክፉ ባይሆንም መጮህ ይወዳል።

«ኑ! የደመወዝ ወረቀት ስትሉ ከርማችሁ የለ? ይኸው!» አለና የአንዷን ስም ጠራ።

ልጅቷ ወረቀቱን አየችው። በእኛ በበርማ ፊደል ተጽፏል። ጓንቷን አየችው፤ ሽሪምፕ በሽሪምፕ ሆኗል። እኛ ዘንድ ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበት ፊደል በቆሸሸ እጅ አይነካም፣ መሬትም አይጣልም። ጓንቷን አውልቃ ወደ ቧንቧው ሄደች። ከኋላዋ ሌላዋ ተከተለች። ሳላስበው እኔም ተነሳሁ። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ቧንቧው ጋ ተሰለፈ።

«ምንድን ነው? አድማ ነው?» ቡንማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እጅ መታጠብ ነው» አልኩት።

«ለወረቀት?»

«በፊደላችን የተጻፈ እኮ ነው አለቃ። በዓሣ እጅ እንያዘው?»

ታጥበን ተመለስን። ቡንማ የመጀመሪያዋን ልጅ ደግሞ ጠራት። ልጅቷ ንጹሕ እጇን አጣምራ ቆመች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም።

«አክስቴ ይቅደሙ» አለች በቀስታ።

እውነቷን ነው። በቤታችን ለታላቅ ሳይወጣለት ማንም እጁን ወደ ወጥ አይሰድም፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ማን ቀድሞ ይቀበላል? ቡንማ የዶው ኦን ቺን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የለም። ሌላ ስም ጠራ፤ ማንም አልወጣም። ሌላም ጠራ። የበረዶው ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ማንም አልመከረበትም። አመልክቼ ተቆጣጣሪ ያስመጣሁት እኔ እንኳ ይህን አላቀድኩም። ያ ሁሉ ሰው፣ ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ በማግስቱ መባረርን የሚፈራው፣ እንደ አንድ ሰው ቆሞ ሳይ ነው አፌን ከፍቼ የቀረሁት።

ሥራ አስኪያጇ ኩን ፒምጃይ እየሮጠች መጣች። «መሪያችሁ ማነው?»

«መሪ የለንም» አልኳት። «ያለን ታላቅ ነው። ታላቃችን ሳይቀበሉ መቀበል ነውር ነው።»

ዶው ኦን ቺ ጨነቃቸው። «ልጆቼ፣ ተዉ፣ በእኔ የተነሳ አትባረሩ! ተቀበሉ!»

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ዝም ይበሉ» አለች ያቺ ልጅ። እሳቸውን እንቢ ስንል ያ የመጀመሪያችን ነው።

ኩን ፒምጃይ እኛን አየች። በረዶው እየቀለጠ ያለውን የሽሪምፕ ክምርም አየች። ልቧ ራራ አልልም፤ ሽሪምፑ ሊበላሽ ነው። ወደ ቡንማ ዞራ፣ «የአሮጊቷ ሙሉ ስም ማነው?» አለች። ሄዳ የእሳቸውን ወረቀት አሳተመችና ራሷ ይዛው መጣች።

ዶው ኦን ቺ እጃቸውን ታጥበው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ግንባራቸውን አስነኩት። ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ። አሠሪ በሚለው መስመር የፋብሪካው ስም ተጽፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሰው የወጣው፤ በየተራ፣ በሁለት እጅ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ቡንማ መጮህ ትቶ እሱም በሁለት እጁ ይሰጥ ጀመር።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየች፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ተቀምጠው ተራዎትን ይጠብቁ» አለች።

አክስቴ ታይኛው በደንብ አይገባቸውም። ክንዴን ጨበጡኝ። «ምን አለች? ሂጂ አለችኝ?»

«አይ አክስቴ። ተራዎትን ይጠብቁ ነው ያለችው።»

«እኔን?»

«እርስዎን።»

ወንበር ፈልጌ አስቀመጥኳቸው። አጠገባችን ያለው ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያስጠብቃሉ እያለ ይነጫነጫል። እሳቸው ግን አንድ ሰው በተጠራ ቁጥር ቀና እያሉ፣ ተራቸው ገና መሆኑን ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ በደስታ ያለቅሱ ነበር።