ስምንተኛው ዐውድ

የኔታ ወልደአምላክ ሰባቱን ዐውዶች፣ የዘመን ዙሮቹን፣ እንደ መዳፋቸው ያውቋቸዋል፤ ከሰባት ቀኑ ዐውደ ዕለት እስከ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ዐውደ ቀመር ድረስ። በስደት በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ቀምረው መስከረም አንድ ቀን ሲያውጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በአዘቦቱ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኝ የፓርኪንግ ሕንፃ በር ላይ፣ ከአንድ ሰው በላይ በማትይዝ የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ትኬት ይሰጣሉ። እዚያ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። በዓመት አንድ ቀን ግን ሕዝብ ቆሞ ይሰማቸዋል። ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው የተነካችባቸው ያቺው አንድ ቀን ናት።

ነገሩ የጀመረው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። መስፍን የሚባል፣ በርክ በሚባል ሰፈር የሚኖር የፊዚክስ አስተማሪ፣ ለምእመናኑ ስለ ሰማይ ሲያስረዳ፣ ከአንዲት እናት የተዋሰውን እንዝርት ጠረጴዛ ላይ አሾረ። እንዝርቱ ሲደክም ጫፉ ቀስ እያለ ክብ ይሠራ ጀመር።

"ምድርም እንዲሁ ናት" አለ መስፍን። "ዘንጓ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ፀሐይ የምትገኝበት የሰማይ ቦታ በየሰባ ሁለት ዓመቱ አንድ ዲግሪ ይንሸራተታል። የጥንት ሰዎች ፀሐይን ያን ዕለት ሐመል በሚባለው የኮከብ ክፍል ውስጥ አገኟት፤ ዛሬ ሑት በሚባለው ውስጥ ናት። ዙሩን ለመጨረስ ሃያ ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጃል።"

የኔታን የቆረቆራቸው ሰማዩ አልነበረም። ሶሊ ነበረች። የሃያ ዓመት ልጃቸው ከፊት ተቀምጣ በደብተር ትጽፋለች። ልጅ ሳለች ከላንድማርክ ሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርሷት፣ እሳቸው መሪ ጨብጠው በዓላት ስለሚቀመሩባቸው ቁጥሮች፣ ስለ አበቅቴና መጥቅዕ ሲነግሯት፣ እሷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ በመስኮት ታይ ነበር። አንድም ቀን ደብተር አላወጣችም።

የሚሌኒየሙ በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኪራኮስ ደግሞ ነገር ጨመሩ። "ሰባት ብቻ መስሎን! ስምንተኛ ዐውድ አለ ለካ። መስፍን፣ ለሚሌኒየሙ ይህንኑ መድረክ ላይ ትደግምልናለህ፤ ከየኔታ ጋር።"

"ከየኔታ ጋር" የምትለዋ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰነቀረች።

ማታ እራት ላይ፣ "ምን አገኘሽበት?" አሉ።

"ኢንተረስቲንግ ነው ዳዲ። ኤክስፕሌን ሲያደርግ ይገባኛል።"

"እኔ ስነግርሽ አይገባሽም ነበር?"

"ዳዲ፣ ኮምፒቲሽን አይደለም እኮ።"

"ማን ውድድር አለ?" አሉና ጎርሰው ሳይጠግቡ ተነሡ።

በማግስቱ በመስታወቷ ክፍል፣ ትኬት ጀርባ ላይ ሃያ ስድስት ሺህን ለአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት አካፈሉ። አርባ ስምንት ጊዜ ገብቶ አራት መቶ ስልሳ አራት ተረፈ። ደስ አላቸው። ከቀመር ጋር የማይዛመድ ዐውድ ምኑ ዐውድ ነው? ስልክ አነሡ።

"መስፍን፣ ያ ዐውድህ በትክክል ስንት ዓመት ነው?"

"ሃያ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ገደማ ነው የኔታ። ፍጥነቱ ራሱ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል።"

"ገደማ?"

"ገደማ።"

"እኔ ለሕዝቡ 'ፋሲካ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ነው፣ እስከዚያ ጹሙ' ብል ደስ ይልሃል?"

መስፍን ከልቡ ሳቀ። "በዚህስ አሸነፉኝ" አለ። ሳቁ የሚወደድ ሳቅ ነበር፤ እሱም አናደዳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ያቺን "ገደማ" እንደ ቢላዋ መሳል ሆነ። መድረክ ላይ፣ ሶሊ ፊት፣ እንዴት አድርገው እንደሚሰነዝሯት በየቀኑ ያሰላስላሉ። የዓመቱን ቀመር ሲያቆዩት ሰንብተው የያዙት በዋዜማው፣ ጳጉሜን ስድስት ጠዋት፣ በመስታወቷ ክፍል ነው። ዓመተ ዓለሙን፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ሰባት ሺህ አምስት መቶን፣ ለአሥራ ዘጠኝ ሲያካፍሉ አሥራ አራት ተረፈ። ደንቡ ከትርፉ አንድ ቀንሶ የቀረውን "ወንበር" ብሎ መያዝ ነው። ሊቀንሱ ሲሉ አንዲት ቀይ መኪና ጡሩንባ ነፋች። ትኬት ሰጥተው ሲመለሱ ልባቸው "ገደማ" ላይ ነበር። በአሥራ አራት ቀጠሉ። የነነዌ ጾም የካቲት ሦስት ላይ ወጣ።

መስከረም አንድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የፊተኛው ረድፍ ላይ መስፍን ከጎናቸው ተቀመጠ። ዓይኑ ጉልበታቸው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ፤ ቆየና ጎንበስ አለ።

"የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንበሩ አሥራ ሦስት አይሆንም?"

"አንተ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ከየት አወቅህ?"

"ሶሊ አስተምራኝ ነው። እኔ ስለ ሰማዩ ስነግራት፣ እሷ ሰባቱን ዐውዶች ነገረችኝ። 'አንድ መቀነስ እንዳትረሳ' ብላኛለች። እርስዎ መኪና ውስጥ፣ 'ያልኖርሽበትን ዓመት እንደኖርሽው አትቁጠሪ' ይሏት ነበር አሉ።"

የኔታ ስሌቱን ከሥሩ ጀመሩ። በጣታቸው ቆጠሩ። ወንበር አሥራ ሦስት፣ አበቅቴ ሃያ ሦስት፣ መጥቅዕ ሰባት። ነነዌ የካቲት አሥር። ይህን ሁሉ ሕዝብ ሳምንት ቀድመው ሊያስጾሙት ነበር። እስክሪብቶ አወጡና ሰርዘው ጻፉ። ስማቸው ሲጠራ ወጥተው፣ ድምፃቸው ሳይናጋ፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ መሆኑን አወጁ። "ገደማ" ከደረታቸው ሳትወጣ ቀረች።

ተጨበጨበላቸው። ቀጥሎ መስፍን እንዝርቱን አሾረ፤ ለእሱም ተጨበጨበ። የኔታ በልባቸው ቆጠሩ። የመስፍን ረዘመ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የምትነዳው ሶሊ ነበረች።

"ዳዲ፣ መስፍን ወረቀትህን አይቶት ነበር። ፐርፌክት ነው አለኝ።"

"ስሕተት የለበትም አለ?"

"ምንም።"

 ሰውየው ልጃቸውንና ጭብጨባውን መካፈሉ አልበቃው ብሎ ጨዋነትም ጨመረባቸው። ይህን ደግሞ በምን ይበልጡታል?

"እስቲ የከርሞውን ወንበር ንገሪኝ" አሏት፣ ድንገት።

ሶሊ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "አሥራ አምስት ይተርፋል። አንድ ሲነሣ አሥራ አራት።"

ጳጉሜን ስድስት ላይ ቸኩለው የያዟት ያቺው አሥራ አራት ናት፤ ለካ የከርሞ ነበረች። የኔታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ፈገግታቸው እንዳይታይባቸው።

"የከርሞውን ለመስፍን አሳይተሽዋል?"

"ኖ፣ ገና ነኝ።"

"እንግዲያው አታሳዪው" አሉ።