የአምሐ ምልክት

አምሐ ሰው አያምንም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። መልስ ሲሰጡት ብሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፣ ስጦታ ሲሰጡት «ምን ፈልገው ይሆን?» ይላል፣ ከኦክላንድ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ደግሞ ጂፒኤሱ ራሱ ሆን ብሎ በሩቁ የሚወስደው ይመስለዋል። ሚስቱ መሠረት «ይሄ ሰው የገዛ ጥላውን መታወቂያ ይጠይቃል» ትላለች።

እንዲህ ላለው ሰው ነው እንግዲህ ልጁ ሩቲ መጥታ ኮምፒውተር ልገጣጥም ያለችው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2014 ነው። ሩቲ ኮሌጅ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። የምትፈልገው የቪዲዮ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ሲሆን፣ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጣ ራሷ ልትሠራው አስባለች። በሰመር ዕረፍት ኤመሪቪል ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ሠርታ ያጠራቀመችው ሰባት መቶ ዶላር አላት፤ ከዚያ ወዲያ ሳንቲም የለም።

«የተዘጋጀውን ለምን አትገዢም?» አላት።

«ዳድ፣ ቢልድ ካደረግነው በዚሁ ብር በጣም የተሻለ እናገኛለን። ትረስት ሚ።»

አምሐ «ካደረግነው» የምትለዋን ቃል ያዘ። ልጅቷ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ወሬያቸው «በላሽ?» «የስ»፣ «ደህና ዋልሽ?» «የስ» ብቻ ሆኖ ነበር። አሁን ግን ከሥራ ሲገባ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና ይከራከራሉ። ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ግማሹን ብር ይበላል። የሚያስበው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ማዘርቦርዱ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው መብራት የሚያመጣው ሳጥን ነው። ለአንዱ ሲጨምሩ ከሌላው ይጎድላል። አምሐ ግማሹ አይገባውም፤ ግን ልጁ እየሳቀች ስታስረዳው ውላ ብታድር አይሰለቸውም። ይህ እንዳይቀርበት ፈራ። አጭበርባሪ መሃል ገብቶ እንዳያበላሽባቸውም ፈራ።

አማካሪያቸው ተስፋጽዮን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ነው፤ ሳን ሆዜ ይኖራል፣ ማውንቴን ቪው አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል።

«ፕሮሰሰሩ መካከለኛው ይበቃታል» አለ በስልክ። «ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ። ርካሹ አንድ ቀን ሁሉንም ይዞት ይቃጠላል።»

አምሐ ስልኩን ዘጋና ወደ ልጁ ዞረ። «የሚያስበውን ርካሹን፣ መብራት ብቻ የሚያመጣውን ውዱን? ይሄ ነገር አለው።»

«ዳድ፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሪቪውዎችም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ሪቪውውን ማን ጻፈው?»

ሩቲ ሳቀች። የሚቀልድ መስሏት ነው።

ቅዳሜ አባትና ልጅ ከተስፋጽዮን ጋር ሳን ሆዜ ወደሚገኝ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ሄዱ። ሻጩ ተስፋጽዮንን ገና ሲያየው «ሄይ፣ ቴስ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በቃ፣ አምሐ ነገሩ ሸተተው። እሱ ባደገበት ገበያ ደንበኛ ይዞ የመጣ ሰው ኋላ ተመልሶ ድርሻውን ይቀበላል። ይባስ ብሎ ተስፋጽዮን አዲሱን ግራፊክስ ካርድ ወደ መደርደሪያው መልሶ «የአምናው ይሻላችኋል፣ በዋጋም ይቀላል» ሲል፣ ሻጩ ደስ ብሎት ተስማማ። ርካሹን ሲሸጥ ደስ የሚለው ነጋዴ የት አገር ነው ያለው? አምሐ እስኪወጡ ድረስ ዐይኑን ከሁለቱ አልነቀለም። አንድም ነገር አላየም። ታዲያ በዚህ ይበልጥ ተጠራጠረ፤ ተለማምደውበታል ማለት ነው።

ዕቃው ወደ ኦክላንድ መጣ። በሳምንቱ ሩቲ ብቻዋን ተስፋጽዮን ቤት ይዛው ሄዳ አብረው ሊገጥሙት ተቀጣጠሩ፤ መሣሪያው ሁሉ ያለው እሱ ጋ ነው። አምሐ የዚያን ዕለት ሥራ ገቢ ነው። እሱ በሌለበት፣ በሰው ቤት፣ ሳጥኑ ሁሉ ሊከፈት ነው።

አዲስ አበባ ላዳ ይነዳ በነበረ ጊዜ መኪናዋን ለአንድ ቀን ጋራዥ አሳድሮ፣ ትናንት የገዛው ካርቡሬተር በአሮጌ ተቀይሮ ተረክቧት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እንደ ማንኛውም ነቃ ያለ ሾፌር፣ ለመካኒክ ከማስረከቡ በፊት ዕቃው ላይ በምስማር ምልክቱን ይጭራል። ምልክቱ ካለ ዕቃው ያንተ ነው፤ ከሌለ ሌባ ፊት ቆመሃል።

እናም ሩቲ ኮሌጅ በሄደችበት ከሰዓት በኋላ ካርቶኖቹን ቀስ ብሎ ከፈተ። ፓወር ሰፕላዩ ቆርቆሮ ላይ ትንሽ «አ» ጫረ። ግራፊክስ ካርዱ ብረት ላይ «አ»። ማዘርቦርዱ ብረት የለውም፤ ጠርዙ አካባቢ ባዶ የመሰለች ቦታ ፈልጎ፣ እንዳትጠፋ ጠበቅ አድርጎ «አ» ጫረባት። ሁሉንም እንደነበረ መልሶ አሸገ። ልቡ ተረጋጋ።

ሩቲ ኮምፒውተሩን ሠርታ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። በማግስቱ አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ ጌሙ ውስጥ መኪና አስነዳችው። አምሐ ድልድይ ላይ ተገለበጠ፤ መሠረት ከወጥ ቤት መጥታ ሳቀችበት። እንደዚያ ያለ እሑድ ቤቱ አይቶ አያውቅም።

ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። አምሐ ግን ሰኞ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት የሳጥኑን ጎን ከፈተ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ «አ» አለ። ካርዱ ላይ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ የለም። የእጅ ባትሪ አምጥቶ፣ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። የለም! ደስ አለው ማለት ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው፣ ደስ አለው። ሲጠረጥር ኖሮ ይኸው ያዘ።

«ነይ፣ ተስፋጽዮን ጋ እንሂድ» አላት ማታ። «ሰው ማለት ምን እንደሆነ ታያለሽ።» በእሷ ኮሮላ ሄዱ፤ እሷ ነዳች፣ ነገሩን ግን አልነገራትም።

ተስፋጽዮን ራት ሊያቀርብ ሲነሳ አምሐ እጁን ዘረጋ። «ተቀመጥ። የልጄን ማዘርቦርድ የት አደረስከው?»

ተስፋጽዮን ቆመ። ሩቲን አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«ቀይረኸዋል ወይስ አልቀየርከውም?»

«ቀይሬዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰማሽ?» አለ አምሐ ወደ ልጁ ዞሮ። «በዓይንሽ አየሽ? የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ!»

ሩቲ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በእጇ ሰሌዳ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ አሳየችው። ትንሽዬ፣ ጠበቅ ተደርጋ የተጫረች «አ»።

«አልነሳም አለን» አለች። «ምን እንደነካው ሃፍ ዴይ ፈለግን። ዳድ፣ እነዚህ ቀጫጭን መስመሮች ሽቦ ናቸው፤ ቆርጠሃቸዋል። ማን እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅኩት፣ ፊደል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሱቁ ደግሞ የተጫረ ዕቃ ሪተርን አይቀበልም። አንክል የራሱን ኮምፒውተር ፈትቶ የሱን ማዘርቦርድ ሰጠኝ። አትንገሪው፣ ያፍራል አለኝ።»

አምሐ ወደ ጥግ አየ። የተስፋጽዮን ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል።

«ተስፋ...» አለ።

«የኔ ቀላል ነው» አለ ተስፋጽዮን። «እኔን መጠርጠርህን ድሮም አውቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ልጅህ ፊት ባታደርገው ግን ጥሩ ነበር።» ራቱን አቀረበ።

ሲመለሱ ፍሪዌዩ ጭር ብሏል። ሄይዋርድ ከተማን አለፉ።

«ዳድ» አለች ሩቲ፣ ዐይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «እኔ ላይስ?»

«ምን አንቺ ላይ?»

«እኔ ላይም ምልክት አድርገሃል?»

«እንዴ፣ አንቺማ ልጄ ነሽ!» ሊል አፉን ከፈተ። ከመሪው ኋላ መኪናዋ የሄደችበት ማይል ቁጥር ይበራል። ሩቲ ቤት ስትገባ «የመኪናሽን ዘይት ልይልሽ» እያለ ቁልፉን የሚቀበላት ያንን ቁጥር ለማየት ነው። ኮሌጁ ደርሶ መልስ ስንት እንደሚፈጅ ያውቃል፤ በልጦ የተገኘ ቀን ሲብሰለሰል ያድራል። ዛሬም ሳይነሱ አይቶታል።

ሳያስበው ዐይኑ ወደ ቁጥሩ ሄደ። ሩቲ ዐይኑን ተከትላ ቁልቁል አየች።

«እሺ» አለች። «ገባኝ።»

ኦክላንድ ሲደርሱ ሳይጠይቃት ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።