ክራባት የማይገባበት ክፍል

ሳምንቱን ሙሉ ባሌን ታውኖን ሰዎችን በክራባታቸው እንዲለይ ሳስጠናው ከረምኩ።

"ባለ ቀዩ ማነው?" እለዋለሁ ድንች እየላጥኩ።

"ኢስካር። የሰሜኖቹ።"

"ባለ አረንጓዴውስ?"

"ቶሚን። ከወንዙ ወዲህ… የደቡቦቹ።"

"ጎበዝ!" ስለው እንደ ተማሪ ልጅ ደስ ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ቀና ይልና፣ "ግን ኬርቱ፣ ለምንድን ነው የሚመጡት?" ይለኛል። ይሄኔ ድንቹን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ።

ይሄ እኮ ታውኖ ሪሳነን ነው! በሰማያዊ ቆብ ስንት አገር የዞረ፣ መጀመሪያ መኮንን፣ ኋላ የሰላም አስከባሪ ጦር አዛዥ፣ ከዚያም ሚኒስትር፣ ከዚያም ዓለም በተጣላ ቁጥር "እሱን ጥሩልን" የሚባል ሰው። ሰሜኖቹና ደቡቦቹ በወንዙ ግራና ቀኝ መድፍ ደግነው ሲፋጠጡ፣ ድልድዩ መሃል ወንበር አስቀምጦ፣ የቡና ቴርሞሱን አቅፎ፣ ያለ ሽጉጥ የተቀመጠ ሰው ነው። "ከዚህ የምነሳው ሁለታችሁም ወደ ኋላ ስትሉ ነው" ብሏቸው ተቀመጠ። ዘነበበት። ሰደቡት። አልተነሳም። በመጨረሻ እነሱው ተነሱ። ያን ጊዜ እኔ እዚህ ፊንላንድ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሕፃን ታቅፌ በራዲዮ እየሰማሁ ጥፍሬን ስበላ ነበር። እሱ ሲመጣ ግን "ወንበሩ ትንሽ ይቆረቁራል" ነው ያለኝ። ሌላ ቃል ካወጣ ውሸታም በሉኝ።

የዚያን ጊዜዋ ሕፃን ሄልካ ዛሬ ካፒቴን ናት፤ የጦር ሐኪም። የት እንዳለች ገምቱ። እዚያው ድልድይ ላይ! እንደ አባቷ ሰማያዊ ቆብ አድርጋ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

የተኩስ ማቆም ስምምነቱ ሰኞ ያበቃል። ካልተራዘመ ሁለቱም ወገን መተኮስ ይጀምራል፤ መሃል ላይ ያለችው ደግሞ ልጄ ናት። የሁለቱ ወገን መሪዎች፣ ኢስካርና ቶሚን፣ "ከሪሳነን በቀር የማንንም ሽምግልና አንቀበልም" አሉ። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲደወል ስልኩን ያነሳው ታውኖ ራሱ ነው። "ይምጡ" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ዞሮ፣ "ማነው የደወለው?" አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ነግሮናል። ታውኖ ያን ቀን ክንዴን ይዞ፣ "ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለሄልካም ቢሆን" አለኝ። ማልኩለት። እዚያ ድልድይ ላይ ላለች ልጅ ሌላ ጭንቀት ምን ይጨምርላታል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም በማለት ደግሞ እኛን የፊንላንድ ሰዎችን ማን ይደርስብናል።

ክራባቱን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ሰዎች ያለ ወገናቸው ቀለም ከቤት አይወጡም፤ በቴሌቪዥን ባየኋቸው ቁጥር አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። ፊት ቢጠፋው ቀለም አይጠፋውም ብዬ በራሴ ብልሃት ስኮራ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ያመጣቸው ሹፌር መኪናው ውስጥ ቀረ። ታውኖ በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ "እንኳን ደህና መጣህ ኢስካር። እንኳን ደህና መጣህ ቶሚን" አለ። እፎይ! እንግሊዝኛው እንደ ድሮው ነው፤ ጀርባውም አልጎበጠም። ያላወቀ ሰው ምን ያውቃል?

ከዚያ ምን አለ? "ሳውናው ግሏል። በመጀመሪያ እንታጠብ፤ ነገሩ ይደርሳል።"

ክው አልኩ። ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ያጋለው ማነው? እኔ! ቅዳሜ ነዋ! እንግዳ ነዋ! ጠዋት ተነስቼ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ እንጨት ማግጄ፣ ገላ የሚመታበትን የበርች ቅጠል አስሬ፣ ቋሊማውን አዘጋጅቼ። በዚች አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሳውናው ተርፏል?" ብሎ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ክራባት ሳስጠና ከርሜ፣ ክራባት የሚወልቅበትን ክፍል በገዛ እጄ አጋልኩት። ኧረ የእኔ ነገር! ራሴን በማገዶ ብመታው ደስ ባለኝ።

ልብሳቸውን አወለቁ። ፎጣ ይዤ ወደ ልብስ መቀየሪያዋ ክፍል ስገባ ቀዩም አረንጓዴውም ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ ሦስት ራቁታቸውን የሆኑ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ አያውቅም። ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። ምን ቆርጦኝ! ፎጣዎቹን አቅፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ውሃው በጋለው ድንጋይ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል። እኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው አልተቀየመም፣ አላኮረፈም፤ ዝም ብሏል፣ በቃ። እንግዶቹ ግን አልቻሉትም።

"ድልድዩን ለመክፈት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለን" አለ አንደኛው።

"ቅድመ ሁኔታ? እናንተ?" አለ ሌላው። "ባለፈው ወር ወታደሮቼን የገደለው ማነው? ንፋስ ነው?"

"አንተ ደግሞ መንደሬን በመድፍ ያረስከውን ረሳኸው!"

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ታውኖ ቃል አይተነፍስም። ተናገር፣ አንተ ሽማግሌ፣ እላለሁ በሆዴ፤ ደግሞ መልሼ፣ ኧረ አትናገር፣ እላለሁ።

"ባራዝ" አለ ታውኖ ድንገት።

ጠቡ እዚያው ቆመ። ባራዝ የኢስካር አባት ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ።

"ባራዝ፣ ልጅህ ትኩሳቱ በረደለት? ትናንት ተሸክሜው ድልድዩን ስሻገር እንደ ፍም ነበር። ፈርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልህ። የማዶው ሐኪም ግን ያለውን መድኃኒት ሳይሰስት ሰጠው። ይሄን ለሰዎችህ ንገራቸው እሺ? ደቡቦቹ ናቸው ያዳኑት።"

ጉድ ፈላ! ያ ልጅ ራሱ ኢስካር ነው፤ አባቱ መስሎት ነው የሚያወራው! አለቀልን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጄ ድልድዩ ላይ ቆማ ታየችኝ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሬሳዋ ሁሉ ታየኝ።

አንዱ ድንጋዩ ላይ ውሃ ጨመረ። ከዚያ የኢስካር ድምፅ መጣ፤ ቅድም ሲጮህ የነበረው ሰው አይመስልም።

"በረደለት" አለ። "ልጁ ድኗል። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ተመስገን" አለ ታውኖ። "እናቱ ምን ያህል ተጨንቃ ነበር።"

በሩ ተከፈተና ኢስካር በእንፋሎት ተከቦ ወጣ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ፎጣ ወረወርኩለት።

"እማማ" አለኝ እያገለደመ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቱ አልመጣ አለኝ። "ከክረምት ጀምሮ።"

"ማን ያውቃል?"

"ሐኪሙና እኔ። አሁን ደግሞ እናንተ።"

ቶሚንም ተከትሎት ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ሁሉንም ሰምቷል። ለሁለተኛውም ፎጣ ሰጠሁት። እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ተነሳሁ።

"አሁን መኪናችሁ ውስጥ ገብታችሁ መሄድ ትችላላችሁ" አልኳቸው። "አሮጊቷ አታለለችን በሉ፤ እውነት ነው፣ አታልያችኋለሁ። ግን ልጄ ድልድዩ ላይ ናት። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ልጄን አትግደሉብኝ።" እያለቀስኩ ነበር። እኔ! በእናቴ ቀብር ላይ ያላለቀስኩት!

ሁለቱ ተያዩ። ፀጉራቸው ተጣብቆ፣ ሆዳቸው ወጥቶ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የላቸውም።

"ይሄ ከታወቀ" አለ ኢስካር ቀስ ብሎ፣ "የኔዎቹ ሽማግሌው የሠራውን ሁሉ ያፈርሱታል። ድሮም ሰበብ ሲፈልጉ ነው የኖሩት።"

"የኔዎቹስ ምን የሚሻሉ መስሎሃል?" አለ ቶሚን። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጨመረ፤ "ልጅ እያለሁ ያን የድልድዩን ወንበር አይቼዋለሁ። አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶ ነው ያሳየኝ። ይሄ ሰው እንዲዋረድ አልፈልግም።"

"እኔም አልፈልግም።"

"ስድስት ወር እናራዝመው?"

"ስድስት ወር ምን ይሠራል? አንድ ዓመት በለው። ሽማግሌው ነው ያለው እንበላቸው። እምቢ ብንል አልሰማ አለን።"

"አልሰማ አለን" አለ ቶሚንም፤ ሳይወድ በግዱ ከንፈሩ ፈገግ አለ። "እንደ ልማዱ።"

እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ፎጣቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው። ከዚያ ሽማግሌው ብቻውን እንዳይሆን ብለው ተመልሰው ገቡ። ቋሊማውን በሰናፍጭ በሉ፤ ቢራቸውን ጠጡ። ወደ መኪናው ሲሄዱ ሁለቱም ታውኖን አቀፉት። ታውኖ መተቃቀፍ አይወድም፤ እንደ ግንድ ቆሞ ቻላቸው።

"ደግ ልጆች ናቸው" አለኝ መኪናው ከታጠፈ በኋላ። "ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?"

"አዎ" አልኩት። "ተጣልተው ነበር፤ ታርቀዋል።"

በማግስቱ እሁድ ስልክ ተደወለ። ሄልካ ነበረች፤ ከጀርባዋ የወታደሮች ጭብጨባ ይሰማል።

"እማዬ! ተራዘመ! አንድ ዓመት! አባባ ነው አሉ፤ ሁለቱም እኩል 'ሪሳነን ነው ያስገደደን' አሉ! የት ነው ያለው? ስጪኝ፣ ስጪኝ!"

ደስታው ልቤን አሸፈተው መሰለኝ፣ ሳላስብ ስልኩን ሰጠሁት።

"ማን ልበል?" አለ ታውኖ።

"ካፒቴን ሪሳነን ነኝ፣ ጌታዬ!" አለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚቀላለዱት። ጩኸቷ እኔም ጋ ይሰማል።

"ሪሳነን? እኛ አገር ሪሳነን እንደ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ነው የሞላው። የማን ልጅ ነሽ?"

ሄልካ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

"ጥሩ ሠርታችኋል፣ ካፒቴን። ወታደሮችሽ ትኩስ ምግብ ያገኛሉ? ካልሲያቸውን ይቀይሩ። እናት አለችሽ?"

ሳቁ ቆመ። "አለችኝ" አለች።

"እንግዲያው ደውይላት። እናቶች ይጨነቃሉ።" ከዚያ ስልኩን አቀበለኝ። "አንዲት ወታደር ናት" አለኝ፤ "ጨዋ ልጅ።" ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የሚያጨበጭቡት አሁንም ያጨበጭባሉ።

"እማዬ" አለች ሄልካ፣ "አባባ አላወቀኝም።"

"አዎ ልጄ" አልኳት። "አላወቀሽም።"