ጣሪያውን ያላየችው ልጅ

ከአውግስቡርግ እስከ ፍራውንሞስ ባለው መንገድ ሁሉ የጉድሩን አፍ አላረፈም። የምታወራው ስለሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ማን እንደገነባው፣ ጣሪያውን ማን እንደሳለው፣ መስኮቶቹ ለምን ከዓምዶቹ ጀርባ እንደተደበቁ። ዕድሜዋን በሙሉ ሥዕልና የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። በጀርመኑ ባየርን ግዛት ውስጥ ተሳላሚ የሚጎርፍበት ሆኖ እሷ ያልረገጠችው ቤተ ክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል። በእግዚአብሔር ግን አታምንም። ሰው ሲጠይቃት፣ "እኔ የምሳለመው ግንበኛውንና ሠዓሊውን ነው" ትላለች።

የጉድሩንን መኪና የምትነዳው ልጇ ቬሬና ነበረች። ሙኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ባል የላትም፣ ሳቂታ ናት፣ ስትነዳ ታዜማለች። ያን ቀን ግን ከ"እህ" በቀር ቃል አልወጣትም። ለቁርስ ሲቆሙ ዳቦዋን ቆራርሳ ቆራርሳ ትታው ተነሣች። በቅርቡ ደግሞ መኪናዋን ሸጣለች። ለምን ስትባል "ከተማ ውስጥ ምን ይሠራልኛል?" ነበር መልሷ።

ጉድሩን ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሆዷ ውስጥ ከትታዋለች። ታማ ይሆን? አርግዛ ይሆን? ከሥራ አባረዋት ይሆን? ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ታውቆኛል ትላለች ለራሷ። በታወቃት መጠን ደግሞ ወሬዋን ታበዛለች፤ ዝም ያለች እንደሆነ ነገሩ የሚፈነዳ መስሏታል።

ፍራውንሞስ ሲደርሱ ሰኔ በዚያ አገር በጋ ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሮ ያካፋ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ረግረጉ ሜዳ መካከል ብቻውን ቆሟል። ጉድሩን በሩን ገፍታ እንደገባች እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች። ነጩ ግድግዳ፣ ወርቁ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቀው ብርሃን። ቦርሳዋን ወርውራ አንዱ አግዳሚ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች። ጣሪያ የምታየው ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቬሬናም ሕፃን ሳለች አጠገቧ ተንጋልላ አብራት ታይ ነበር።

"ወይዘሮ፣ እዚህ መኝታ ቤት አይደለም!" አለ አንድ ድምፅ። ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ፣ ክሳቨር፣ አናቷ ላይ ቆሟል።

"ጣሪያውን እያየሁ ነው።"

"ጣሪያው ቆመውም ይታያል። ሰው ስንት ዘመን አንጋጦ ሲያየው ኖሯል፣ አንገቱ የተሰበረ አልሰማሁም።"

"ሠዓሊውስ ተንጋሎ አይደል የሳለው?"

"እሱማ ተከፍሎት ነው" አለ ክሳቨር፤ ቁልፉን እያንቃጨለ ሄደ።

ጉድሩን ሳቀች። ሳቋን ለልጇ ልታካፍል ዞር ስትል ግን ቬሬና አጠገቧ የለችም። ሥዕሉን ለማየት ሞከረች። አንዱ መልአክ እስከ ወገቡ በቀለም ተስሎ እግሩ ግን በጄሶ ተሠርቶ ከጣሪያው ውጭ ተንጠልጥሏል፤ እሱን ልታሳያት ነበር ሳምንቱን ሙሉ ስትጓጓ የከረመችው። አሁን እግሩንም መልአኩንም አላየችም። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። የግራውን መተላለፊያ አየች፣ የቀኙን አየች፣ ካህናቱ ኑዛዜ የሚሰሙበት ሣጥን ውስጥ ሳይቀር አንገቷን አስግጋ አየች።

ያገኘቻት ከመንበሩ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ግድግዳው የስለት ሥዕሎች በተሳሉባቸው ትንንሽ ሳንቃዎች ተሸፍኗል፤ የተቃጠለ ቤት፣ ጋሪ የወደቀበት ሰው፣ በሕይወት የተረፈች ላም። ቬሬና ግራጫ ልብስ ከለበሰች አንዲት መነኩሲት ጋር ቆማ ትስቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው ሳቅ እዚህ ነበር ለካ።

መነኩሲቷ ጉድሩንን ስታይ እጇን ዘረጋች። "እናቷ መሆን አለብዎት። ጋውደንትያ እባላለሁ።" ከዚያ ወደ ቬሬና ዞረች፤ "ቭሬኒ፣ ነገርሻት?"

ቭሬኒ የቤት ስሟ ነው። ከቤተሰብ ውጭ በዚህ ስም የሚጠራት የለም።

"ገና ነኝ" አለች ቬሬና፤ ፊቷ ቀላ።

እማሆይ ጋውደንትያ የሠራችውን ስታውቅ አፏን በእጇ ይዛ፣ ይቅርታ ብላ፣ ሹልክ ብላ ወጣች።

"ምኑን ነው የምትነግሪኝ?"

"እማዬ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ።"

"አልቀመጥም። ታመሻል?"

"አልታመምኩም።"

"አርግዘሻል?"

"እሱ ቢሆንማ ደስ ይልሽ ነበር።"

"ታዲያ ተናገሪያ! ልቤን ሰቀልሽው እኮ!"

"ገዳም ልገባ ነው። እነ እማሆይ ጋር። መስከረም ላይ።"

ጉድሩን ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ዓይኗን ሳንቃው ላይ ባለችው ላም ላይ ተከለች። ላሟ አራት እግሮቿ በአንድ በኩል የተደረደሩ ናቸው፤ ሠዓሊው መሳል አይችልም ነበር። 

"አባትሽ ያውቃል?"

"ለአባባ በፋሲካ ነግሬዋለሁ።"

ከቬሬና አባት ከኤካርት ጋር ከተፋቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጃቸውን በተመለከተ ግን ቀድሟት የሰማው ነገር ኖሮ አያውቅም። "ለሱ ቀድመሽ! ለምን?"

"እሱ አይጮህማ።"

"እኔስ መቼ ጮህኩ!" አለች ጉድሩን። ድምፅዋ ጉልላቱን መትቶ ተመለሰ። ክሳቨር በበሩ ብቅ ብሎ "አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?" አለ።  ጉድሩን በአጠገቡ አልፋው ወጣች።

ካፖርቷን ረስታ ነበር። ካፊያው እየመታት ቤተ ክርስቲያኑን ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ጫማዋን ረግረጉ እየያዘባት እየመነጨቀች ነቀለችው። ሌላ ቀን ቢሆን የግድግዳውን አጣጣል፣ የማማውን ቁመት ታይ ነበር። አሁን ደሟ ፈልቷል፤ የተናደደችውም በልጇ ብቻ አይደለም። ማን ነው ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲጎትታት የኖረው? ማን ነው ወርቁን፣ ደመናውን፣ ክንፉን "እዪ፣ እዪ" እያለ ያሳደጋት? በገዛ እጄ፣ አለች። በገዛ እጄ ወስጄ ሰጠኋቸው።

ሜዳው ዳር ካለው ምግብ ቤት ገብታ ሾርባ አዘዘች። ሾርባው መጣ፤ በውስጡ ያለውን የተፈጨ ጉበት ድብልብል በማንኪያ ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ ስታንከባልለው የምግብ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ መጣች።

"ምነው፣ አልጣፈጠም?"

"ጣፍጧል።"

"ሳይቀምሱት?"

ጉድሩን ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። መቀመጥ አልቻለችም፤ መሄድም የትም አላደረሳትም።

ስትመለስ ቬሬናን በቤተ ክርስቲያኑ የጣሪያ ክፈፍ ሥር ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ የእናቷን ካፖርት ታቅፋ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቷ ተነሥታ አለበሰቻት። ጉድሩን ለመልበስ እጇን ዘረጋች እንጂ ቀና ብላ አላየቻትም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "በጄሶ ነው የተታለልሽው፣ ልጄ። ከውስጡ እኮ ሸንበቆና የእንስሳ ጸጉር ነው ያለው!"

"ጄሶ መሆኑን ነግረሽኛል። ሺህ ጊዜ።"

"ታዲያ?"

"እውነቱን ልንገርሽ? አትቆጪም?"

"እቆጣለሁ። ንገሪኝ።"

"ጣሪያዎቹ ይሰለቹኝ ነበር። አንቺ ወደ ላይ ስታሳይኝ እኔ ጭንቅላቴን አዙሬ ሰዎቹን ነበር የማየው። ጉልበታቸውን እያመማቸው የሚንበረከኩትን አሮጊቶች። ምን እያሉ ይሆን እያልኩ። ኋላ ሆስፒታል ገብቼ ሽማግሌዎች እጄ ላይ መሞት ሲጀምሩ፣ እነዚያ ሴቶች ሲሉት የነበረውን እኔም ስለው ራሴን አገኘሁት።"

ጉድሩን ስለ መጨረሻው ነገር መጠየቅ ነበረባት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ይሰለቹሽ ነበር?"

"በጣም።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም፣ እማዬ።"

በዚያች ሰዓት ይህኛው ከገዳሙ ይልቅ አንገበገባት። ሕፃኗ አጠገቧ ተንጋልላ "ኡ!" ስትል የነበረው እናቷን ደስ ለማሰኘት ነበር እንግዲህ። ከክፈፉ የሚንጠባጠበውን ውኃ አየች።

"ገዳሙስ ምን ይመስላል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢያንስ ያምራል?"

ቬሬና ከንፈሯን ነከሰች። "ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለ የኮንክሪት ሕንጻ ነው። ጣሪያው ዝርግ ነው፤ ያፈሳል።"

"ያፈሳል?"

"መተላለፊያው ላይ ባልዲ ያስቀምጣሉ።"

"አንቺ ልጅ አብደሻል! አገሩ ሙሉ በሚያምር ገዳም ተሞልቶ፣ የሚያፈስ ሣጥን ትመርጪ?"

"አስታማሚ የሌላቸው ሽማግሌዎች ያሉት እዚያ ነዋ።"

ጉድሩን ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ቬሬና ልታቅፋት ስትል ገፋቻት፤ ገፍታትም እጅጌዋን ይዛ ቀረች። እንዲህ እንደተያያዙ ካፊያው እስኪያባራ ቆዩ።

ታረቁ ማለት አይደለም። ያን በጋ ጉድሩንን ቤት አልያዛትም። የጀመረችውን መጽሐፍ ትታ ሌላ ታነሣለች፣ የቁም ሳጥኗን ልብስ አውጥታ መልሳ ትከታለች። ለእማሆይ ጋውደንትያ እየደወለች እንደ መርማሪ ታፋጥጣታለች። ብትታመምስ? ሰው ብትወድስ? ብትጸጸትስ?

"ቃል ኪዳን እስክትገባ ዓመታት አሉ" ትላታለች እማሆይ ሳትሰለች። "እስከዚያው በሩን ከውስጥ ራሷ ትከፍተዋለች።"

"ከውጭ ያለሁትስ?"

"እርስዎ ደግሞ ያንኳኩ።"

መስከረም ላይ ሻንጣውን የጫነችው ጉድሩን ናት። ሕንጻው ከተነገራት በላይ አስቀያሚ ነበር። እማሆዮቹ የፕለም ኬክ አቀረቡላት፤ በላች፤ ኬኩ ጥሩ መሆኑ አናደዳት። ስትመለስ ወደ ቤቷ የሚያስወጣውን መታጠፊያ አልፋው፣ ኡልም ከተማ እስክትደርስ ሳታቆም ነዳች። እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበራትም።

በኅዳር መጨረሻ እንድትጠይቃት ተፈቀደላት። ቬሬና ሽርጥ ታጥቃ፣ እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቆ መጣች። ከሳች? አልከሳችም። ፊቷን ጉድሩን እንደ ሥዕል መረመረችው፤ ሐሰት ያለበት መስመር ፈለገች፣ አላገኘችም። ልጅቷ ለሃያ ሰው ያበሰለችውን ሾርባ እንዴት እንዳሳረረችው፣ አንዱ ሽማግሌ "ኃጢአቴን ያቃለለልኝ ይኼ ሾርባ ነው" እንዳላት እየሳቀች ታወራለች።

መሐል ላይ ለጸሎት ተደወለ። ቬሬና ያልሰማች መስላ ወሬዋን ቀጠለች።

ጉድሩን ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ስንት የምትጠይቀው ነገር ነበራት።

"ተደውሏል እኮ" አለች በመጨረሻ። "ሂጂ እንጂ።"

"ትጠብቂኛለሽ?"

"እንጃ። ሂጂ።"

ቬሬና እየሮጠች ሄደች። ጉድሩን ከወንበሯ ተነሣች፣ እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፤ ካፖርቷን ለበሰች፣ መልሳ አወለቀችው። ከዚያ እንደገና ተቀመጠች።