ያለጊዜው የወጣ እንሶስላ

አልታየች ከአንኮበር በታች፣ ደኑ ጥግ ባለች ጓሮዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንሶስላ አብቅላለች። የሙሽራን እጅና እግር በሥሩ የሚያቀላው ይህ የጫካ አበባ አመለኛ ነው፤ ፀሐይ ካየ ይጠወልጋል፣ ውኃ ካነሰው ያኮርፋል። እሷ ግን አመሉን ታውቃለች። ከዝግባው ሥር ጥላ መርጣ፣ ከደን የበሰበሰ ቅጠል በቅርጫት ተሸክማ አልብሳው፣ በበልግ ካፊያ ብቅ ሲል እንደ አራስ ልጅ ትጠብቀዋለች። ሥሩን የምታወጣው ቅጠሉ ሲደርቅ፣ በታኅሣሥ ነው። ከዚያ በፊት መሬቱን የነካ ሰው ከምላሷ አያመልጥም።

በ፲፰፻፹፩ ዓ.ም. ግን ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ባሏ ቄስ ገብረ ጻድቅ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላት አንዲት ልጇ ይርጋለም ብቻ ናት። አልታየች "በዚህ ዘመን ደግሞ ማን ያገባል?" አለችና አድርቃ ያስቀመጠችውን ሥር ሁሉ ለአልዩ አምባው ነጋዴ ለሸሪፍ ሰጥታ ማሽላ ለወጠችበት። ማሽላው ዐቢይ ጾምን አሻግሯቸው አለቀ።

የፋሲካ ማግስት ከመዘዞ መልእክተኛ መጣ። ይርጋለምን ያጩት ሰዎች በጉድጓድ ያስቀመጡት እህል አላቸው። "በሳምንቱ መጥተን ሙሽራዋን እንወስዳለን" ብለው ላኩ። አልታየች እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ልጅቱ የምትሞቀው እንሶስላ ከየት ይምጣ? በእነሱ ዘንድ እንሶስላ ያልያዘላት ሙሽራ ደም የላትም ይባላል። በሽታ አገር በሚፈጅበት ዓመት ደም የላትም የተባለችን ልጅ ማን ደጁን ያስረግጣታል? እዚህ ከቀረች ደግሞ ረሃብ ይገድላታል።

በቀጠሮው ዋዜማ ጓሮ ወጣች። ቡቃያው ገና ስንዝር አልሞላም። አንዱን ነቀለች፤ ሥሩ ውኃ ያዘለ፣ የገረጣ ነው። አንዱ እንደማይበቃ ገባት። ሁለተኛውን ነቀለች፣ ሦስተኛውን።

ይርጋለም ሮጣ ክንዷን ያዘች። "እማ፣ ኧረ ዘር አስቀሪ!"

"ልቀቂኝ! ዘሬ አንቺ ነሽ!"

አንድም አላስቀረችም። እያለቀሰች ወቀጠችው፤ የልጇን እጅና እግር ለቀለቀች፣ በጨርቅ ጠቅልላ እሳት ዳር አስቀመጠቻት። ጧት ስትፈታው ግን እጁ ያው እንደ ነበረ ነው። በመዳፏ ብታሸው፣ ብትለማመጠው፣ ወይ ፍንክች።

ረፋዱ ላይ የሙሽራው እናት ወለተሐና በበቅሎ ደረሱ። ወግ ነውና የሙሽራዋን እጅ ደጃፍ ላይ ገለጥ አድርገው አዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"ልጅቱ ታማለች እንዴ?"

አልታየች እግራቸው ላይ ወደቀች። "አልታመመችም እሜቴ! የርሷ ጥፋት አይደለም፤ ሥሩን ያለጊዜው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ጓሮዬን ይዩት።"

ወለተሐና ሄደው አዩ። ከዝግባው ሥር አፈሩ ተገለባብጧል፤ ቡቃያው ተጥሎ ጠውልጓል። በራሳቸውም ጓሮ እንሶስላ ያላቸው ሴት ናቸውና ያዩት ነገር ወዲያው ገባቸው።

"ለዘር አንድ እንኳ አላስቀሩም?"

"ለከርሞ ማን ይተክለዋል፣ እሜቴ?"

ወለተሐና ነጠላቸውን አወለቁና የይርጋለምን እጆች ሸፈኑ። "ከቤቴ እስክትገባ ማንም አያያትም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጉድጓዱ ግን እየጎደለ ነው። እርስዎን ጨምሮ ለሁለት አፍ አይበቃም፤ ይቅር ይበሉኝ" አሉ።

"እኔ መች ጠየቅሁ?" አለች አልታየች።

ይርጋለም እያለቀሰች በበቅሎ ተወሰደች። እናቷ እስከ አጥሩ ሸኘቻት።

በሦስተኛው ቀን አልታየች ውኃ ልትጠጣ ቅሉን ስታነሳ መዳፏን አየች። ሥሩን የወቀጠችበት እጅ ቀልቷል። በልጅነቷ፣ ለሠርጓ እንኳ፣ እንዲህ ቀልቶ አያውቅም። ያለጊዜው የወጣ ሥር ቢዘገይም እንደሚይዝ እስከዚያ ቀን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ በቡቃያው ማን ነቅሎት ያውቃል? ይርጋለምም አሁን መዘዞ ላይ፣ ከእህሉ አጠገብ፣ እጇ ይኸን መስሏል።

እየተንገዳገደች እስከ አጥሩ ወጣችና ሁለት እጆቿን ወደ መንገዱ ዘረጋች።

"ቀላ! ልጄ፣ ቀላልሽ!"

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። የጎረቤቶቿ ቤቶችም ጭስ ካቆሙ ሰንብተዋል።