የሰዓት ሽማግሌዎች

ለገሠና ጥሩሰው የተጣሉት በአምስት ደቂቃ ነው። ሰው በርስት ቢጣላ፣ በውርስ ቢጣላ ያባት ነው፤ እነዚህ ሁለት ጓደኛሞች ግን ባሕር ማዶ አብረው ያቋቋሙትን፣ ተሳፋሪ ኤርፖርት የሚያመላልስ የሻትል ድርጅት ለሁለት ሊሰነጥቁት የደረሱት በኮምፒውተር ሰዓት የተነሳ ነው።

ለገሠ ኦሮራ ያለውን ቢሮ ይመራል፣ ጥሩሰው ጎረቤት ከተማ ኮሜርስ ሲቲ ያለውን። ተሳፋሪ ያደረሰ ሾፌር ወደሚቀርበው ቢሮ ይመለስና ኮምፒውተሩ ላይ ይመዘገባል፤ ቀድሞ የተመዘገበው ቀጣዩን የኤርፖርት ጉዞ ያገኛል። ታዲያ ካለፈው ክረምት ወዲህ የሚቀድሙት የኮሜርስ ሲቲ ሾፌሮች ብቻ ሆኑ። ለገሠ "ሰዓትህን ወደ ኋላ ጎትተኸው ነው" አለ። ጥሩሰው "ያንተ ነው የሚሮጠው" አለ። ከዚያማ ተኮራረፉ፤ መደዋወልም ቀረ።

ለገሠን እንቅልፍ የነሳው ግን ሥራው አልነበረም። የመጀመሪያ ልጁ እሑድ አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና ይነሳል። ገና ሳይወለድ የክርስትና አባት ልሁነው ብሎ ቃል የገባው ደግሞ ጥሩሰው ነው። ለገሠ ሚስቱን ብርቅነሽን "ሌላ ሰው እንፈልግ እንዴ?" ቢላት፣ "እኔ አራስ ነኝ፤ ጓደኛህን ራስህ ታረቀው" ብላ ፊቷን አዞረችበት። ሌላ ሰው አልፈለገም። ከጥሩሰው ሌላ ማንን ብሎ ይፈልጋል?

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም እንደ አባት የሚያዩአቸው ሽማግሌ፣ ጋሽ ኃይሌ፣ ሊያስታርቋቸው ከሰፈራቸው ከፓርክ ሂል ተነስተው፣ ጥሩሰውን ከነላፕቶፑ እየነዱ ኦሮራ ቢሮ ከተፍ አሉ። እሳቸውን እምቢ ማለት የሚችል ሰው ገና አልተወለደም። ሌክውድ በኮምፒውተር ሙያ የምትሠራው የብርቅነሽ እህት ሔለንም በእሳቸው ትእዛዝ ፈቃድ ወስዳ መጥታለች።

ሔለን የሁለቱን ቢሮ ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ልክ አምስት ደቂቃ ይለያያሉ።

"ሁለቱም ሰዓት የሚጠይቁት ሰርቨር ያስፈልጋቸዋል" አለች። "በኢንተርኔት ለጠየቀው ሁሉ ትክክለኛ ሰዓት የሚነግር ኮምፒውተር ማለት ነው። እዚሁ ቦልደር የመንግሥት አለ። እሱን ሰሌክት ላድርግ?"

"ማን መረጠው? የሚስቱ እህት!" አለ ጥሩሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። "እኔም የራሴን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ካለ እሱን አምጪልኝ።"

"ሰዓት ስትጠይቀው ነገ ተመለስ እንዲልህ ነው?" አለ ለገሠ ሳያስበው።

ጥሩሰው ሊስቅ ብሎ ቶሎ ፊቱን አኮሳተረ። በመጨረሻ ቴክሳስ ካለ ዩኒቨርሲቲ አንዱን መረጠ።

"ሁለቱ ሰርቨሮችስ ቢለያዩ?" አሉ ጋሽ ኃይሌ። "ማንን ልናምን ነው? የማንም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ጨምሪ።"

ሔለን ሳቀች። "ጋሽዬ፣ ፕሮግራሙም የሚሠራው እንደሱ ነው። ብዙ ይጠይቃል፣ የተስማሙትን ያምናል፣ ያፈነገጠውን ይተወዋል።"

"ሽምግልና ነው በይኛ!" አሉ ጋሽ ኃይሌ ወንበራቸውን እየሳቡ። ሽምግልና ሲባል ከዕድሜያቸው ሃያ ዓመት የሚቀንሱ ሰው ናቸው። ሦስተኛውን ካሊፎርኒያ ካሉት መካከል ራሳቸው መረጡ፤ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም ብለው።

ሔለን ሦስቱንም በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አስገባች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወዲያው ተስማሙ። የጥሩሰው ሰዓት ንቅንቅ አላለም። የለገሠ ግን አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ለገሠ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ። "ማን ነካው?"

"በራሱ እንዳያስተካክል ተዘግቷል" አለች ሔለን ስክሪኑን እያየች። "ሰው ነው በእጁ ያስቀደመው።"

የዚያን ኮምፒውተር ሰዓት የሚያስቀይረውን የይለፍ ቃል ከለገሠ ሌላ የምታውቀው ብርቅነሽ ብቻ ናት። ደወለላትና ስፒከር አደረገው።

"እኔ ነኛ!" አለች ብርቅነሽ ምንም ሳታፍር። "እርጉዝ ሆኜ የዶክተር ቀጠሮዬን ሁሉ እያረፈድክ አልነበር እንዴ የምታቃጥለኝ? አምስት ደቂቃ ወደ ፊት ገፋሁልህ። ከዚያ ወዲህ አርፍደህ ታውቃለህ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ለገሠ ብቻ አልሳቀም። ቀድመው እየደረሱ ዘግይተው ሲመዘገቡ የከረሙት የገዛ ሾፌሮቹ ናቸው፤ ሌባ ያደረገው ደግሞ ምንም ያላጠፋ ወንድሙን ነው። ከልቡ አፈረ። ተነስቶ ጥሩሰው ጉልበት ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል፣ ጥሩሰው ብብቱን ይዞ ብድግ አደረገው።

"ይቅር በለኝ" አለ ለገሠ። "እሑድ... ትመጣለህ?"

"ሳትጠራኝም እመጣ ነበር እኮ!" አለ ጥሩሰው። "የተጣላሁት ካንተ ጋር ነው፤ ከልጄ ጋር መች ተጣላሁ?"

ብርቅነሽ ከስልኩ ውስጥ እልልታውን አቀለጠችው። አጠገቧ የተኛው ሕፃን በርግጎ ማልቀስ ጀመረ። ጥሩሰው ስልኩን ከለገሠ እጅ ነጠቀና፣ ሁሉም እያዩት፣ እንባውን እንኳ ሳይጠርግ "እሹሩሩ የኔ ጌታ፣ እሹሩሩ" ይል ጀመር።